ፈሳሹ ወይስ ማግኔቱ? የማሞቂያችንን ውኃ ከዝገት ለመጠበቅ ገንዘባችን የት ይዋል

መስከረም አልፎ የለንደን ብርድ አጥንት መንካት ሲጀምር ከወዳጆቼ የሚመጣው ጥያቄ በየዓመቱ ያው ነው። «ራዲያተሩ ከላይ ይፋጃል፣ ከታች ግን ቀዝቃዛ ነው።» «የቧንቧ ሠራተኛው ውኃው ጠቁሯል፣ ማግኔት ያለው ማጣሪያ ካልተገጠመ ቦይለሩ አይከርምም አለኝ፤ ሦስት መቶ ፓውንድ ጠይቆኛል፤ ልክፈል?» በስልክ ስመልስ ግማሹ ይረሳል፣ ግማሹ ይዛባል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላስቀምጠው። ዋናውን አስቀድሜ ልናገር፦ ሃያ አምስት ፓውንድ ብቻ ያለው ሰው የዝገት መከላከያውን ፈሳሽ ይግዛ። ሦስት መቶ ፓውንድ ያለውም መጀመሪያ ፈሳሹን ይግዛ። ማጣሪያው ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

ምክንያቱ የሚገባን በቧንቧው ውስጥ የሚሆነውን ስናውቅ ነው። በራዲያተሮች ውስጥ የሚዞረው ውኃ ከመታጠቢያው የሚወርደው ውኃ አይደለም። አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ ያው ውኃ ለዓመታት ከቦይለር ወደ ራዲያተር፣ ከራዲያተር ወደ ቦይለር ይመላለሳል። ራዲያተሮቹ ከስስ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ቧንቧው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው፤ በቦይለሩ ውስጥ ሙቀቱን ለውኃ የሚያስተላልፈው ክፍል ደግሞ ወይ አልሙኒየም ነው ወይ የማይዝግ ብረት። አዲስ ውኃ በገባ ቁጥር በውስጡ የሟሟ ኦክስጅን ይዞ ይገባል፤ ያ ኦክስጅን የራዲያተሩን ብረት ያዝጋል። ኦክስጅኑ ሲያልቅም ነገሩ አያበቃም፤ ብረቱ በሙቁ ውኃ ውስጥ ቀስ በቀስ ማግኔታይት ወደሚባል ጥቁር ዱቄት ይለወጣል፣ ሃይድሮጅን ጋዝም ይለቃል። ራዲያተሩን ቶሎ ቶሎ ማስተንፈስ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከላይ የተጠራቀመው አየር ሳይሆን ሃይድሮጅን ሊሆን ይችላልና ክብሪትም ሲጋራም አጠገቡ አይቅረብ።

ጥቁሩ ዱቄት እንደ ጠላ አተላ ከራዲያተሩ ግርጌ ይዘቅጣል፤ ሙቁ ውኃም በዚያ በኩል ማለፍ ያቅተዋል። ከታች የሚቀዘቅዝ ራዲያተር አተላ አለበት፤ ከላይ የሚቀዘቅዝ ጋዝ ይዟል። የድሮ ፓምፖች ይህን ጉድ ተሸክመው ብዙ ዓመት ይሠሩ ነበር። የዛሬዎቹ ኤሌክትሪክ ቆጣቢ ፓምፖች ግን በውስጣቸው ቋሚ ማግኔት ስላለ አተላውን ራሳቸው ይስቡታል። ኮምቢ ቦይለር (የራዲያተሩንም የመታጠቢያውንም ውኃ የሚያሞቅ) ባለበት ቤት ደግሞ የመታጠቢያውን ውኃ የሚያሞቀው ክፍል መተላለፊያው በጣም ጠባብ ነው፤ እሱ ሲደፈን ገላችሁን እየታጠባችሁ ውኃው አንዴ ይሞቃል አንዴ ይቀዘቅዛል። ይህን አንዱን ክፍል ማስቀየር በእኛ አካባቢ ከ250 እስከ 400 ፓውንድ ያስወጣል። ፓምፑም ከዚያ ብዙ አይርቅም። አዲስ ኮምቢ ቦይለር ከነሥራው ከ2,000 ፓውንድ በላይ ነው።

አሁን ወደ ፈሳሹ። ሱቅ ገብታችሁ ኢንሂቢተር ብላችሁ ጠይቁ፤ ፈርኖክስና ሴንቲኔል ብዙ ጊዜ የሚገኙት ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ለመምረጥ ጊዜ አታጥፉ። ይህን በምጽፍበት ጊዜ አንድ ጠርሙስ እንደየሱቁ ከ18 እስከ 28 ፓውንድ ይሸጣል። ዋጋውን ስታነጻጽሩ ግን ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ለቧንቧ ሠራተኞች የሚሸጡ መደብሮች መደርደሪያው ላይ የሚለጥፉት ዋጋ ብዙ ጊዜ 20 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ያልገባበት ነው፤ 20 ፓውንድ ያላችሁት ሒሳብ ላይ 24 ይሆናል። ሁለተኛ፣ የጠርሙሱን ትልቅነት ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈውን እዩ፦ ስንት ሊትር የማሞቂያ ውኃ እንደሚበቃ። የተለመደው ጠርሙስ ወደ 100 ሊትር፣ ማለትም ወደ አሥር ነጠላ ራዲያተሮች እንዲበቃ የተዘጋጀ ነው። ባለ ድርብ ራዲያተር የበዛበት ቤት ሁለት ጠርሙስ ሊፈልግ ይችላል። 12 ፓውንድ የሚባለው ርካሽ ጠርሙስ ለ40 ሊትር ብቻ የሚበቃ ከሆነ አንዱ ሊትር በ30 ፔንስ መጣ ማለት ነው፤ ባለ 24 ፓውንዱ ለ100 ሊትር ሲበቃ ግን 24 ፔንስ ነው። ርካሹ ተወደደ።

የሚረጭ ጣሳም አለ። ከጠርሙሱ በጥቂት ፓውንድ ይወደዳል፣ ነገር ግን ምንም ውኃ ሳታፈሱ በራዲያተሩ ማስተንፈሻ ወይም በውኃ መሙያው ቧንቧ በኩል በደቂቃ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱን ለመጨመር አንድ ራዲያተር በሁለቱም በኩል ዘግቶ፣ ጥቂት ውኃ አውጥቶ ከላይ ማፍሰስ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ሰው ጠርታችሁ 70 ፓውንድ ከምትከፍሉ አምስት ፓውንድ ጨምራችሁ ጣሳውን ግዙ። የቦይለሩን ክዳን መክፈት የሚችለው ጋዝ ሴፍ በሚባለው የጋዝ ሠራተኞች መዝገብ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በራዲያተር በኩል ፈሳሽ መጨመር ግን ጋዝ የሚነካ ሥራ አይደለም።

ስንት ጊዜ ይቆያል? ቢኤስ 7593 የሚባለው የብሪታንያ ደረጃ በ2019 ሲታደስ ያስቀመጠው ምክር ውኃው በየዓመቱ እንዲፈተሽ፣ በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ፈሳሹ እንደገና እንዲጨመር ወይም ውኃው በቤተ ሙከራ እንዲመረመር ነው። እንግዲህ 24 ፓውንዱን ለአምስት ዓመት አካፍሉት፤ በዓመት አምስት ፓውንድ አይሞላም፣ በወር 40 ፔንስ ነው።

ማጣሪያውን በዚሁ ሚዛን እንመዝነው። ማግናክሊንን የመሰለ የታወቀ ማጣሪያ ከ90 እስከ 130 ፓውንድ ነው፤ ማስገጠሚያው ከ100 እስከ 180። ዕቃውን 110፣ ሥራውን 140 ብለን እንያዝ፤ 250 ፓውንድ። አሥር ዓመት ቢያገለግል በዓመት 25 ፓውንድ ነው፣ ከፈሳሹ አምስት እጥፍ። በየዓመቱ ሲጸዳ የሚከፈለውን ገና አልቆጠርኩም።

ዋጋው ብቻ ቢሆን አልከራከርም ነበር። ልዩነቱ ግን በሥራቸው ነው። ፈሳሹ ብረቱ እንዳይበላ ይከላከላል። ማጣሪያው የሚይዘው ቀድሞ የተበላውን ነው። ማግኔቱን በየዓመቱ ሲያወጡት በላዩ ወፍራም ጥቁር ነገር ማየትን እንደ ድል የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ «አያችሁ፣ ይሠራል» ይላሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ያ ጥቁር ነገር የራዲያተራችሁ ግድግዳ ነው። በየዓመቱ እየሳሳ አንድ ቀን ይበሳል። ፈሳሹ በልኩ ያለበት ቤት ማጣሪያ ሲከፈት ማግኔቱ ላይ የሚገኘው ስስ ጥላሸት የመሰለ ነገር ነው፤ በጨርቅ አንዴ ጠረግ ሲያደርጉት ያልቃል። ደግሞም ማግኔት የሚስበው ማግኔታይትን እንጂ ቀዩን ዝገትና ኖራውን አይደለም፤ እነዚያን የሚይዙት ከማግኔቱ ሌላ ወንፊት ወይም ማዝቀጫ ያላቸው ማጣሪያዎች ናቸው።

አስመስለው የተሠሩትን በተመለከተ፣ በአንድ ወዳጄ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ማጣሪያው በኢንተርኔት ገበያ በ38 ፓውንድ የተገዛ ነው፤ በመልኩ ከታወቀው አይለይም። ማግኔቱን አውጥተን ሚስማር ስናስጠጋለት ያነሳል፤ ከፕላስቲክ ሽፋኑ ውስጥ አስገብተን ያንኑ ሚስማር ከውጭ ስናስጠጋ ግን ይወድቃል። ውኃው የሚያልፈው በሽፋኑ ውጭ ነውና ማግኔቱ የሚይዘው ነገር አልነበረም። የክዳኑ የጎማ ቀለበት በአንድ ክረምት ሙቀት ጠፍጥፎ ደርቋል። የሩቢኔቱ ዳዶ አንዴ ከጠበቀ በኋላ ተፈቶ ሲመለስ አይነክስም። ከሁሉ የከፋው ግን የሚንጠባጠበው ውኃ አለመታየቱ ነበር፤ ጠብታው ሙቁ ቧንቧ ላይ እየተነነ ነጭና አረንጓዴ ቅርፊት ብቻ ትቶ ይሄዳል። ወዳጄ ግፊቱ በወረደ ቁጥር በመሙያው ውኃ ይጨምር ነበር። በጨመረ ቁጥር አዲስ ኦክስጅን ይገባል፣ በውስጡ የነበረው ፈሳሽም ይቀጥናል። ዝገት እንዲይዝ የተገዛው ዕቃ ዝገቱን ሲመግብ ከረመ።

ቀለበቱን ብቻ ለመቀየር ፈለግን፤ ለዚያ ማጣሪያ መለዋወጫ የሚሸጥ የለም። ሒሳቡ እንዲህ ሆነ፦ ዕቃው 38፣ ማስገጠሚያው 120፣ ከዚያ የታወቀው ማጣሪያ 110፣ አሮጌውን አንስቶ አዲሱን መግጠሚያ 140፤ ድምሩ 408 ፓውንድ። ስለዚህ ማጣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ፦ የክዳኑ የጎማ ቀለበት ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ፈልጉ። ቀለበቱ ከአምስት እስከ አሥር ፓውንድ በየሱቁ የሚገኝ ከሆነ ማጣሪያው አሥር ዓመት ይኖራል። ካልተገኘ በነጻም ቢሰጧችሁ አትቀበሉ።

በፈሳሹም በኩል ጥንቃቄ አይከፋም። አምራቹ ያልታወቀ፣ ለስንት ሊትር እንደሚበቃ ያልተጻፈበት የአምስት ሊትር ጀሪካን ተሸክማችሁ አትምጡ። የጠርሙሱ ክዳን ማሸጊያ የተነካ ከሆነ መልሱት። የአንዱን አምራች ፈሳሽ በሌላው ላይ አትደርቡ፤ መቀየር ከፈለጋችሁ አሮጌውን ውኃ አፍስሱና በአዲስ ጀምሩ።

ከሁለቱም ግዢ በፊት ግን የሚንጠባጠብ ውኃ ካለ ይቁም። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሆኖ የግፊት መለኪያው ከ1 እስከ 1.5 ባር ሊያሳይና ለወራት በዚያው ሊቆይ ይገባል። በየሳምንቱ የሚወርድ ከሆነ ወይ የሚንጠባጠብ ቦታ አለ፣ ወይ ውኃው ሲሞቅ የሚጨምረውን የሚቀበለው የማስፋፊያ ጋን አየሩን ጨርሷል፤ ግፊቱ ሲበዛ ውኃ የሚወጣባትን፣ ከቤቱ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀጭን የመዳብ ቧንቧ እዩ፣ ጫፏ እርጥብ ከሆነ የጋኑ ምልክት ነው። ውኃ እየጨመሩ መክረም ፈሳሹንም ማጣሪያውንም ከንቱ ያደርጋል። ቀዳዳ ይደፍናል ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ እኔ አላስገባም፤ አንዳንድ የቦይለር አምራቾችም በግልጽ ይከለክሉታል። የሚፈሰውን መገጣጠሚያ ፈልጎ ማጥበቅ ይሻላል።

ለንደን ውስጥ የሚሸጥልን ሌላው ነገር የኖራ መከላከያ ነው። የማንቆርቆሪያችንን ነጭ ቅርፊት ያየ ሻጭ «ማሞቂያህም እንዲህ ሆኗል» ቢል ማን ይጠራጠራል? አስሉት እስቲ። ኖራ በበዛበት የለንደን ውኃ በአንድ ሊትር ውስጥ ወደ 300 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል። 100 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ አንዴ ሲሞላ በውስጡ ያለው በሙሉ ቢዘቅጥ 30 ግራም ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። ያ ውኃ ካልተቀየረ ተጨማሪ ኖራ ከየት ይመጣል? ማንቆርቆሪያው የሚነጣው በየቀኑ አዲስ ውኃ ስለሚፈላበት ነው። ስለዚህ ለራዲያተሮቹ ዑደት ብላችሁ ለኖራ መከላከያ መሣሪያ 80 ፓውንድ አታውጡ። ወደ ኮምቢው ለሚገባው የመታጠቢያ ውኃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ በየቀኑ አዲስ ውኃ ያልፋልና ይጠቅማል።

ኖራውን ለማስወገድ በጨው የሚሠራ የውኃ ማለስለሻ ቤታቸው ያስገቡ ወዳጆች አሉ። ማሞቂያውን በዚያ ውኃ አትሙሉት፣ የቦይለሩ መመሪያ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር። ብዙዎቹ የዉስተር ቦሽ ግሪንስታርና የአይዲያል ሎጂክ ቦይለሮች ሙቀት ማስተላለፊያቸው አልሙኒየም ያለበት ነው፤ የቫይላንት ኢኮቴክና የቪስማን ደግሞ የማይዝግ ብረት። አልሙኒየም አሲድነት የበዛበትንም አልካላይነት የበዛበትንም ውኃ አይወድም፤ የዚህ መለኪያ የሆነው ፒኤቹ ከ8.5 ሲያልፍ መበላት ይጀምራል። የለሰለሰ ውኃ ሲሞቅ ደግሞ ፒኤቹ ወደ ላይ ይወጣል።

ውኃው አንዴ ከጠቆረስ? በማሽን የማጠብ ሥራ ከ400 እስከ 700 ፓውንድ ይጠየቅበታል። በርካታ ራዲያተሮች ከታች ከቀዘቀዙና የሚወጣው ውኃ ቀለም የመሰለ ከሆነ ተገቢ ነው። አንድ ራዲያተር ብቻ ከሆነ ግን ፈትቶ ወደ ጓሮ አውጥቶ በውኃ ጎማ ማጠብ ነው፤ ሲያወጡት ሁለቱን ጫፎች በጨርቅ ድፈኑ፣ አንድ ጠብታ ምንጣፍ ላይ ከወደቀ አይለቅም። በመካከል ላለው ደግሞ 20 ፓውንድ ገደማ የሚሸጠው ማጽጃ ፈሳሽ አለ፤ መለያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ልክ ይዙር፣ ከዚያ ይፍሰስ፣ ውኃው ጥርት እስኪል ይታጠብ፣ ወዲያውኑ መከላከያው ይግባ። ማጽጃውን ውስጡ ረስቶ መተው ብረቱን ይበላል።

ፈሳሹ በልኩ መኖሩን ለማወቅ የመመርመሪያ ወረቀት ይሸጣል፤ ከአንዳንድ ፈሳሾች ጋር ብቻ ይሠራልና የፈሳሹ አምራች ራሱ ያወጣውን ግዙ። ከዚያ በፊት ያለ ወጪ የሚደረግ ፈተና አለ። ሁለት ባዶ የማርማላታ ጠርሙሶች ውሰዱ። በአንዱ ከራዲያተር የወጣ ውኃ፣ በሌላው የቧንቧ ውኃ አድርጉ፤ በየአንዳንዳቸው አንዳንድ ያልዛገ ሚስማር ጨምሩ፤ ሚስማሮቹ የሚያብለጨልጭ ሽፋን የተቀቡ አይሁኑ። ለጥቂት ቀናት ተዋቸው። በቧንቧው ውኃ ያለው ብርቱካንማ ዝገት ያለብሳል። የራዲያተሩ ውኃ ሚስማር እንደነበረ ከሆነ ፈሳሽ አለ፤ እሱም ከዛገ ያለ መከላከያ ነው የምትሞቁት።

በጀርመን ያሉ ወዳጆች ደግሞ «እኛ ዘንድ ፈሳሽ አይጨመርም» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ፋው ዴ ኢ 2035 የሚባለው መመሪያቸው የሚመርጠው ማዕድኑ የወጣለትን ውኃ ነው፣ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ በሴንቲሜትር ከ100 ማይክሮሲመንስ በታች የሆነ። ውኃው ማዕድኑን በሚይዝ ሬዚን በሚባል ሙጫ ውስጥ አልፎ ይሞላል። ይህ ንጹሕ መንገድ ነው፤ ፍራንክፈርት ያላችሁ የአገሩን ደንብ ተከተሉ። ለብሪታንያ ግን ሙጫው፣ መለኪያው፣ ሥራውን የሚያውቀው ሰው ሁሉ ተደምሮ ከፈሳሹ ብዙ እጥፍ ይወጣል። ሁለቱን መንገድ አታደባልቁ። በዋሽንግተንና አካባቢዋ ያላችሁ አብዛኞቻችሁ ቤታችሁ የሚሞቀው በአየር ነውና ይህ ጉዳይ አይነካችሁም።

ተከራዮች ከዚህ ሁሉ አንድ ፔንስ አታውጡ። በእንግሊዝ ማሞቂያውን በሥራ ላይ ማቆየት በ1985ቱ የአከራይና ተከራይ ሕግ አንቀጽ 11 የአከራዩ ግዴታ ነው፤ የቀዘቀዘውን ራዲያተር ፎቶ አንሥታችሁ በጽሑፍ አሳውቁ። በካውንስል ሕንፃ ውስጥ ሆናችሁ ሙቀቱ ከጋራ ቦይለር የሚመጣላችሁም በራዲያተራችሁ ምንም ነገር አታስገቡ፤ ያ ውኃ የጎረቤቶቻችሁ ሁሉ ነው።

አዲስ ቦይለር ለምታስገቡ ግን ፈሳሹንም ማጣሪያውንም እላለሁ። አዲስ ቦይለር በአሮጌ ራዲያተሮች ላይ ሲገጠም በየጥጉ የቀረው አተላ ተነቅሎ መምጣቱ አይቀርም፤ ቢኤስ 7593ም ማጣሪያ ይጠይቃል፣ አንዳንድ አምራቾችም ዋስትናውን የሚያስረዝሙት ማጣሪያ ሲኖር ነው። ሠራተኛው በዚያው ቀን ቧንቧውን ከፍቶታልና ማስገጠሚያውን በቦይለሩ ዋጋ ውስጥ እንዲያካትት ተከራከሩ፤ ለብቻው 140 የሚጠየቅበት ሥራ በዚያ ቀን ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሥራው ሲያልቅ ገጣሚው የሠራውን የሚመዘግብበትን የቤንችማርክ ቅጽ ጠይቁ። የትኛው ማጽጃ፣ የትኛው መከላከያ ፈሳሽ፣ ምን ያህል እንደገባ የሚጻፍበት መስመር አለ። መስመሩ ባዶ ከሆነ የመጨረሻውን ክፍያ ከመስጠታችሁ በፊት ጠርሙሱን አሳየኝ በሉት።